ጸሎት ሳያልቅ የገባችው ጎል

ሽማግሌ ሆኜ የተመረጥኩት መኪና ስላለኝ ነው። ጋሽ ሙሴ የተመረጡት ለሽበታቸው ነው፤ አቶ ናትናኤል ደግሞ ለሃይማኖቱ። ማግባት የሚፈልገው አቤል የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነው፤ የሚፈልጋት ሐዳሳ የፕሮቴስታንት ቤት ልጅ ናት። ናትናኤል እናቱ ከአንዱ፣ ሚስቱ ከሌላው ወገን ስለሆኑ የሁለቱንም ጥቅስ አብጠርጥሮ ያውቃል ይባላል። ለዚህ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ከርሞ፣ መጽሐፎቹን በቦርሳ ይዞ ነው የመጣው። እኔ ያለችኝ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤትና አንዲት አሮጌ ቪትዝ ናት።

«ሽማግሌ በባጃጅ አይሄድም» አለኝ የአቤል አባት መምህር አሰፋ። «ደግሞ አንተ ዝም ትላለህ። ዝም የሚል ሰው ያስፈልገናል።»

አመሰገንኩት።

ሁላችንም የፈራነው ሃይማኖቱን ነበር። የሐዳሳ አባት አቶ ደረሰ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ቸርቹ ውስጥ የሚከበር ሰው ነው። «ልጄን ለሌላ እምነት አልሰጥም» ይላል ብለን ነው የጠበቅነው። ኳሱን ማናችንም አላሰብነውም። ማሰብ ነበረብን፤ ሦስታችንም የፒያሳ ሰዎች ነን።

ኳሱ እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ ሐዋሳ ገና ሜዳ በሜዳ ሳለች፣ የየሰፈሩ ልጆች ዋንጫ ይጫወቱ ነበር። ዋንጫው በቆርቆሮ ሠሪ የተቀጠቀጠ ነው፤ ውሃ አይዝም፣ ክብር ግን ይይዝ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ፒያሳና ምሥራቅ ላይ ወደቀ። የምሥራቅ ልጆች አብዛኞቹ መዘምራን ነበሩ። ከጨዋታ በፊት ይጸልያሉ፤ ከእረፍት መልስ ይጸልያሉ፤ ጎል ሲያገቡ ይጸልያሉ፤ ሲስቱ ደግሞ ረዘም አድርገው ይጸልያሉ። በረኛቸው ደረሰ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ። በዚያ ውድድር ማንም ጎል አላገባበትም ነበር።

ከእረፍት መልስ ሰማዩ ጠቆረ። ዳኛው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልጨርስ ብሎ ፊሽካውን ነፋ። የምሥራቅ ልጆች ከጸሎት ተነሥተዋል። ደረሰ ብቻ በጎሉ መሃል ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የግሉን ቀጥሏል። ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ፣ ለፒያሳ በሚጫወተው በአሰፋ እግር ሥር ናት። ንፋሱ ከሐይቁ በኩል ከጀርባው ይነፍሳል። አሰፋ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ መታት።

የፒያሳ ሰዎች ሲያወሩት፣ ኳሷ በደረሰ ጆሮ አጠገብ ስታልፍ ንፋሷ ተሰምቶት «ሃሌ ሉያ» ብሏል ይላሉ። ደረሰ ይህን አይቀበልም። ሌላውን ግን ሊክድ አልቻለም፤ ዓይኑን ሲገልጥ ኳሷ ከኋላው በቆሎ ውስጥ ነበረች፣ ከፊቱ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጨዋታው በዚያችው ጎል አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ፒያሳ አንድ ልማድ ያዘች። ደረሰ በመንገድ ሲያልፍ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ወሬውን አቁሞ አንገቱን ይደፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ማንም ምንም አይልም። እሱ ሲያልፍ ዓይን ይገለጣል፤ ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው። አሁን አንገታቸውን የሚደፉት ያኔ ያልተወለዱ ጎረምሶች ናቸው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው «ሰውዬው ሲያልፍ እንዲህ ይደረጋል» ይሉሃል።

ደረሰ በሁለት ነገር ተጎዳ። አንደኛ፣ ፒያሳን በዙሪያዋ ነው የሚያልፋት፤ መሃል ከተማ ጉዳይ ሲኖረው በሐይቁ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ሁለተኛ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑን ጨፍኖ ጸልዮ አያውቅም። ቸርች ውስጥ ምእመኑ ሁሉ ሲጨፍን እሱ እንደ ዘበኛ ዙሪያውን ይቃኛል። በጸሎት ሰዓት አጮልቀው የሚያዩ ሕፃናት ሁልጊዜ የሚገጥማቸው የሱ ዓይን ነው።

አሰፋ በበኩሉ የጂኦግራፊ መምህር ሆነ። የሐይቅ ንፋስን ሲያስተምር የሚጀምረው በዚያች ጎል ነው። ሐዳሳም እሱ ዘንድ ተምራለች። በረኛው ማን እንደሆነ እያወቀች አዳምጣ፣ ፈተና ላይ ሲመጣ በትክክል መልሳዋለች።

እንግዲህ እሑድ ከቸርች እስኪመለሱ ጠብቀን ሄድን። የደረሰ ባለቤት ሮማን በሩን ከፈተችልን። የምግብ ሽታ ከኩሽና ይመጣል፤ እንደምንመጣ ታውቃለች ማለት ነው። ደረሰ ሳሎን ተቀምጦ ነበር።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ።

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ሙሴ፣ እንደ ወጉ።

«ጉዳዩ ተቀምጣችሁም ይነገራል፣ ጋሼ።»

«ካልተፈቀደልን አንቀመጥም።»

«ፈቅጃለሁ እኮ።»

ተቀመጥን። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነበር።

ጋሽ ሙሴ ጉዳዩን ከመክፈታቸው በፊት የቤቱን ሰው ማክበር ፈለጉ። «መቼም የጸሎት ቤት ነው፤ በጸሎት እንጀምር» አሉ። ከልባቸው ነው። እኛም ከልባችን ነው። እጃችንን አጣምረን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ዓይናችንን ጨፈንን። ከፒያሳ የመጣን ሦስት ሰዎች፤ ደረሰ ቤት፤ ደረሰ ፊት።

«ተነሡ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ደረሰ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ቆሟል። ሮማን ኩሽናው በር ላይ ሳህን እንደያዘች ቆማለች።

«እስከ ቤቴ ድረስ! ልጄን ልትጠይቁ መጥታችሁ!»

«ኧረ አቶ ደረሰ፣ ጸሎት እኮ ነው!» አለ ናትናኤል።

«እሱን ሄደህ ለፒያሳ ንገራቸው!»

የቀጠለውን በሲዳሙ አፎ ነው የተናገረው። ከሦስታችን ቋንቋውን የሚችለው ናትናኤል ነው። መኪና ውስጥ ተርጉምልን ብንለው «ቆየት ብዬ» አለ። እስካሁን አልተረጎመም።

ሮማን እስከ ውጭ በር ሸኘችን። «ምግቡ እኮ ቀርቦ ነበር» አለች፤ ማንን እንደምትወቅስ ጠፍቷት።

በዚያው ሳምንት የአቤል እናት ትዕግሥት ለሮማን ስልክ ደወለች። ሁለቱ እናቶች ሃይማኖቱን በዚያው ስልክ ጨረሱት። ልጆቹ ማዘጋጃ ቤት ይፈራረማሉ፤ ግብዣው አንድ ቦታ ይሆናል፤ ሁለቱም ወገን ይጸልይላቸዋል፤ ማንም ማንንም ወደ እኔ ና አይልም። ትዕግሥት ስልኩን ስትዘጋ የጣደችው ወጥ ገና አልፈላም ነበር። ለናትናኤል ማንም አልነገረውም።

ሁለተኛ ስንሄድ ጋሽ ሙሴ ተጠንቅቀዋል። «በጸሎት እንጀምር» አሉ፤ ቀጥለውም ፈጠን ብለው «ዓይን ተገልጦ።»

እርስ በርስ እየተያየን ጸለይን። ሰው በጸሎት ሰዓት ፊቱ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ናትናኤል ቦርሳውን ከፍቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የእምነቱን ጉዳይ በተመለከተ...»

«እሱን ሴቶቹ ጨርሰውታል» አለ ደረሰ።

ናትናኤል ቦርሳውን ቀስ ብሎ ዘጋ።

«የቀረችው ጎሏ ናት» አለ ደረሰ። «አሰፋ በራሱ አፍ፣ በሰው ፊት ‹ጎል አልነበረችም› ይበል። ትሰረዝ። ከዚያ ልጁ ልጄን ይውሰድ።»

ናትናኤል ያዘጋጀውን ንግግር ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእኔ ነገረኝ። ጥሩ ንግግር ነበር። ፍሬን እንኳ በእርጋታ ነው የያዝኩት።

አሰፋ ቤት ስንደርስ ደረሰ ያለውን ነገርነው። ከወንበሩ ተነሣ።

«ይቅርታ በል ይበለኝ፤ እላለሁ። እግሬ ሥር ውደቅ ይበለኝ፤ እወድቃለሁ። ጎል አልነበረችም ግን አልልም። ዳኛው ነፍቷል!»

«አሰፋ፣ ልጅህ እኮ ነው!» አለች ትዕግሥት።

«ልጄ ነው። እሷም ጎሌ ናት።»

«ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተሟግተህልኝ ታውቃለህ?»

«አንቺን ማን ሊሰርዝሽ መጣ?»

አቤል ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ማሽን ሲበላሽ ተጠርቶ የሚያስነሣ ልጅ ነው። አባቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ዝም አልኩ። ለሱ ነው የተመረጥኩት።

ሦስተኛ ስንሄድ እምቢታውን ልናደርስ ነው። ደረሰ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀው ነው። ያን ጊዜ ሐዳሳ ከጓዳ ወጣች። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጉ ግን ያን ሰሞን ብዙም አልጠቀማትም።

«አባዬ፣ እኔ ያኔ አልተወለድኩም» አለች።

«አጥፍተሻል አልኩሽ?»

«ታዲያ የምቀጣው እኔ ነኝ እኮ።»

ደረሰ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። አሁንም አካፋ ያህላሉ።

«ይምታት» አለች ሐዳሳ። «አሁን ይምታት። አንተም ዓይንህን ገልጠህ ያዛት። ከዚያ ይብቃን።»

ሮማን ከኩሽና «ኢየሱስ!» አለች። ደረሰ ግን እያሰበ ነበር፤ ትከሻው ቀና ሲል አየሁት።

«እዚያው ቦታ» አለ። «እዚያው ጎል፣ እዚያው ንፋስ። ከያዝኳት ያችኛዋ ተሰርዛለች፣ ሰርጉም ይሁን። ካገባብኝ ግን ከአንድ ቤት ሁለት ጊዜ አልዋረድም። ሰርግ የለም።»

«እንግዲያማ ቀስ አድርጎ ይመታታል» አሉ ጋሽ ሙሴ ፊታቸው በርቶ።

«በረኛ እኮ ነኝ፣ ጋሼ። አለስልሶ ከመታት አውቃለሁ። ያኔም ሰርግ የለም።»

አሰፋ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ጠንክሮ መምታት አለበት፤ ኳሷም በደረሰ እጅ መያዝ አለባት። ይህ ሁለቱም በአንድ እግር የሚሠራ ነገር አይደለም። ከትምህርት በፊት የግቢውን ዘበኛ ግድግዳ ሥር እያቆመ፣ ኳሷን ሰው ደረት ላይ በኃይል መምታትን ተለማመደ። ዘበኛው ሳምንቱ ሳያልቅ የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ።

የድሮውን ሜዳ ያየ አሁን አያውቀውም። መሃል ሜዳው የአንድ ያላለቀ ሕንፃ ምድር ቤት ሆኗል። ጎሉ ያለበት ደግሞ ላቫጆ ነው። ከሁለቱ ቋሚዎች አንዱ፣ የባሕር ዛፉ ግንድ፣ እስካሁን ቆሟል፤ የውሃ ጎማ ይሰቀልበታል። በሌላው ፈንታ በርሜል አቆሙ። ኳሷ ከሕንፃው አጥር ሥር እንድትመታ ተስማማን፤ ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሐይቁ ንፋስ ሲነሣ፣ ምሥራቅ በእግሩ፣ ፒያሳ በባጃጅ መጣ። ጉዳዩ በምስጢር እንዲያዝ ተነጋግረን ነበር። የላቫጆው ባለቤት ሩሀማ ሕዝቡን ስታይ በር ላይ ቆመች።

«መኪና የማያሳጥብ አይገባም!»

«ሽማግሌዎች እኮ ነን፣ እመቤት» አሉ ጋሽ ሙሴ።

«ሽማግሌም መኪናው ይቆሽሻል።»

ስለዚህ ቪትዜ ታጠበች። ከአጥር ውጭ የቀረው ሰው አጥሩ ላይ ወጣ። አንድ አባ ኮዳ ወፍ ከሐይቁ መጥቶ፣ ክንፉን እንደ ጡረተኛ ካፖርት ሰብስቦ፣ ከፒያሳ ልጆች አጠገብ ቆመ። ማንም አላባረረውም፤ ከተሰበሰበው ሁሉ የተረጋጋው እሱ ነበር።

ደረሰ የድሮውን ማሊያ ለብሶ መጣ። እስከ ሆዱ ግማሽ ድረስ ደርሶለታል። በግንዱና በበርሜሉ መሃል ገባ፤ መዳፉን አማታ፤ መሬቱን በእግሩ ሞከረው። የሳሙና ውሃ ነው፤ ያንሸራትታል። አሰፋ ኳሷን አስቀመጠ። የሚጋቡት ሁለቱ ልጆች አንድ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐዳሳ የአቤልን እጅ ይዛለች፣ አቤል ደግሞ ጎማውን።

ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ደረሰ ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ። ዓይኑን ጨፈነ።

ሩሀማ ራሷ ውሃውን ዘጋችው። ሮማን «ጨፈነ» አለች በሹክሹክታ፤ ባሏን እንደዚያ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ደረሰ የረሳው አልነበረም። እዚያ ቦታ ላይ የተቋረጠ ነገር ነበረው፤ ሊጨርሰው ነው የመጣው። አሁን ግን ሲጀምረው ብዙ ተጠራቅሞበት ነበር። ለቤቱ ጸለየ፤ ለከተማው ጸለየ፤ ለዝናቡ፣ ለታመሙት፣ ለተሰደዱት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ምታት እንጂ!» አለ አንድ ጎረምሳ ከፒያሳ በኩል።

አሰፋ አልዞረም። እግሩን ኳሷ ላይ አድርጎ ቆሟል። ንፋሱ መጣ፤ ያው የድሮው ንፋስ፣ ከጀርባው። 

«መምህር፣ ክፍት ነው! ምታት!»

«ዝም በል፣ አንተ ባለጌ!» አለ አሰፋ። ክፍል ውስጥ ያለ ነበር የሚመስለው። ጎረምሳው ተማሪው ሳይሆን አልቀረም፤ ወዲያው ከአጥሩ ወረደ።

የደረሰ ከንፈር ቆመ። አንገቱን ግን አላነሣም። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምነው አልመታህም?»

«አልጨረስክማ።»

«ከጨረስኩ ቆየሁ እኮ።»

«አሜን አላልክም» አለ አሰፋ።

ደረሰ ሁለተኛውን ዓይኑንም ገለጠ። አሰፋን ትክ ብሎ አየው። የሳሙና ውሃው በጉልበቱ በኩል ሱሪውን እያረጠበው ነው።

«አሜን» አለ።

«አሜን!» አለ ላቫጆው በሙሉ፤ ፒያሳም፣ ምሥራቅም፣ አጥሩ ላይ ያለውም።

ደረሰ ተነሣ። እጁን ዘረጋ። አሰፋ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሮጦ መጣ፣ ቃሉን ጠብቆ በኃይል መታት። ዘበኛው ደረት ላይ እንደተለማመደው ነው የመታት፤ ዘበኛው ግን ሳሙና ላይ ቆሞ አያውቅም። ደረሰ ወደ ኳሷ አንድ እርምጃ ሲራመድ እግሩ ከሥሩ ሄደ። ቁጭ አለ። ኳሷ በራሱ ላይ አልፋ ከኋላው ያለው የሳሙና በርሜል ውስጥ ገባች።

ማንም አልጮኸም። ፒያሳ እንኳ አልጮኸችም። ሮማን ፊቷን ሸፈነች። አሰፋ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ነበር፤ ጎል አግብቶ እንደዚያ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደረሰ ተነሥቶ ኳሷን ከበርሜሉ አወጣት። አረፋውን በማሊያው ጠረገላት።

«አየኋት» አለ። «ከእግርህ ስትነሣ ጀምሮ አየኋት።»

«ታዲያ ምነው አልያዝካት!» አለ አሰፋ፤ ሊያለቅስ ደርሷል።

«አሁን ያለው ዓይኔ ነው እንጂ ጉልበቴ የለም።»

ኳሷን ይዞ ወደ አሰፋ መጣ። ሁላችንም ተከትለን ቀረብን።

«ይቺ ትቆጠራለች» አለ ደረሰ። «ያችኛዋ ትሰረዝ።»

አሰፋ አሰበ። የጂኦግራፊ መምህር ቢሆንም ሒሳቡ ገባው፤ አንድ ወጥቶ አንድ ገብቷል፣ ዋንጫው እዚያው ፒያሳ ነው። ቀና ብሎ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ተሰርዛለች!» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ያኔም መጠበቅ ነበረብኝ» አለው።

«አባዬ፣ ሰርጉስ?» አለች ሐዳሳ ከጎማው ላይ ተነሥታ። «ካገባ የለም ብለህ ነበር እኮ።»

«አልዋረድም ነው ያልኩት። አሁን ማን አዋረደኝ? እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ መታ፤ አገባ። ይሄ እኮ ኳስ ነው።»

ሮማን እልል አለች። ትዕግሥት ተቀበለቻት። አቤል ሊነሣ ሲል ጎማዎቹ ተናዱበት። አባ ኮዳው ያን ጊዜ ነው የሄደው።

ጋሽ ሙሴ ጊዜውን አላሳለፉትም። «እንግዲህ እንመርቃቸው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አጮለቅኩ። ደረሰ ጥርቅም አድርጎ ጨፍኗል። አሰፋ ግን አልጨፈነም፤ ኳሷን በእግሩ ረግጦ ይዞ፣ ከፒያሳ ጎረምሶች አንዱ እንዳይነካት ግራና ቀኙን ይቃኝ ነበር።

ናትናኤልም አልጨፈነም። ከጎኔ ቆሞ ቦርሳውን እየከፈተ ነው።

«ጋሽ ሙሴ ሲጨርሱ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ለእኔም አምስት ደቂቃ የሚሰጡኝ ይመስልሃል?»